የአርባ አንድ ቁጥር ደም

የእንስሳት ሐኪሙን ትኩሳት የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ወገቡን ይቆርጠዋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሸሚዙ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ሚስቱ ሐኪም ዘንድ ሂድ አለችው።

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«አንተማ የላም ነህ» አለችው። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ጤና ጣቢያ ሄደ። ሁለቴ ወባ መረመሩት፣ ሁለቴም የለብህም ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙት። እሱ ግን የጠረጠረው ነገር ነበር። ከሁለት ወር በፊት አንዲት የጨነገፈች ላም የእንግዴ ልጁ አልወርድ ብሏት በባዶ እጁ ስቦ አውጥቶላታል። ጓንቱ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ያለ ጓንት እንዳትነኩ፣ ወተት ሳታፈሉ እንዳትጠጡ እያለ ከብት አርቢውን ሁሉ ሲመክር የኖረ ሰው፣ ለራሱ ሲሆን ጓንት ጣት ያደነዝዛል ባይ ነው።

ጤና ጣቢያው ላም የሚያስጨነግፈውና ወደ ሰው የሚተላለፈው የውርጃ በሽታ ምርመራ የለውም። የእንስሳት ላቦራቶሪው አለው፤ ለእንስሳት። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ የቢሮውን በር ቆልፎ ከገዛ ክንዱ ደም ቀዳና ከላሞቹ ደም ጋር ደርድሮ ላከው። ቅጹ ከብቱ ጆሮ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥር የሌለው ናሙና ይጣላል። እጁ እንዳመጣለት አርባ አንድ ብሎ ጻፈ።

አርባ አንድ የአማቱ ላም ናት። የሌላ ላም ቁጥር በቃሉ አያውቅም። የዚችን ግን አማቱ በየሁለት ቀኑ እየደወሉ «አርባ አንድ ዛሬ ሳር ቀነሰች»፣ «አርባ አንድ አስነጠሳት» ስለሚሉት ጭንቅላቱ ውስጥ ተቸንክሯል።

ላቦራቶሪው መዝገቡን አገላብጦ ውጤቱን በቀጥታ ለአማቱ ላከ። ላሟ በሽታው ስለተገኘባት በሦስት ቀን ውስጥ ትታረድ ይላል። አማቱ ደብዳቤውን ይዘው ቢሮው መጡ። ወንበር ቢያቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ይቺ ላም መቼ ነው ደም የተቀዳችው?»

ደብዳቤውን ተቀብሎ ቁጥሩን አነበበ።

«እሷ ከበረት አልወጣች፣ እኔ ካጠገቧ አልጠፋሁ። በሕልሟ ነው?»

«እማማ፣ ደሙ የእሷ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳያቸው። አማቱ ክንዱን አዩ፣ ደብዳቤውን አዩ።

«እንግዲያው የምትታረደው አንተ ነህ» አሉት። ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

አብረው ወደ ላቦራቶሪው ኃላፊ ሄዱ። ኃላፊው፣ ጡረታ አንድ ዓመት የቀረው ሰውዬ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማና መነጽሩን አወለቀ።

«ደብዳቤው ወጪ ሆኗል። ቁጥር አለው። ወጪ የሆነ ደብዳቤ ተሳስቻለሁ አይልም።»

«ታዲያ ላሜ ለደብዳቤው ክብር ትሙት?» አሉ አማቱ።

«አዲስ ደም አምጡ። አዲስ ደም ካለ አዲስ ደብዳቤ አለ። አንተ ደግሞ የማስጠንቀቂያህን ደብዳቤ ትጠብቃለህ።»

በማግስቱ ሐኪሙ ከአርባ አንድ አንገት ደም ቀዳ። ገመዱን አማቱ ያዙ። ወተቷን ሳያፈሉ እንደሚጠጡ ያን ጊዜ ነገሩት፤ እስከዚያ የፈላ ነው የምጠጣው ሲሉት ነበር። ሐኪሙ ጓንት ባጠለቀ እጁ የናሙናውን ክዳን ደጋግሞ አጠበቀ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ኃላፊው ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ የላሟን ደም አንድ ጠብታ፣ የሐኪሙን አንድ ጠብታ አድርጎ በሁለቱም ላይ ሐምራዊውን የመመርመሪያ ፈሳሽ ጨመረ። አራት ደቂቃ ሰሌዳውን እያወዛወዘ ቆየ። የሐኪሙ እንደተበላሸ ወተት ፍርፍር አለ። የላሟ ለስላሳ እንደሆነ ቀረ።

«ላሟ ነጻ ናት።»

አማቱ ያን ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እሱስ?»

«ሆስፒታል ሄዶ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ስድስት ሳምንት ይውጣል። ውጤቱን የያዘ ወረቀት እሰጠዋለሁ።»

ቅጹን አወጣ። የእንስሳው ዓይነት፦ ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ግመል፣ ሌላ። ኃላፊው ብዕሩን ይዞ ትንሽ አሰበ፣ ሌላ የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ የሚቀጥለው መስመር ላይ ቆመ።

«የባለንብረት ስም ይላል።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ።

«የኔን ጻፈው» አሉ አማቱ።