ሩለንን ያለበስን ዕለት

እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1996 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬም ስልሳ ስምንት ዓመት። ከአይዳሆ በቤተ ክርስቲያናችን አሮጌ አውቶቡስ ተነሥተን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ተወለድሁባት ከተማ ወደ ማንታይ ገባን። ወደ ማንታይ የሚመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በኮረብታው ራስ ላይ የቆመውን ቤተ መቅደስ ነው። የአያቴ አባት ከዴንማርክ መጥቶ ድንጋዩን በበሬ ከጎተቱት ሰዎች አንዱ ነበር። ቤተ መቅደሱን የሠራችው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኜ በኖርሁበት ዘመን ያን ሕንፃ ሳይ ደረቴ ይነፋ ነበር። በዚያ ቀን ግን ዐይኔን ወደ መንገዱ መለስሁ።

በየዓመቱ በዚያ ወቅት በኮረብታው ግርጌ ትልቅ መንፈሳዊ ትዕይንት ይቀርባል፤ ሕዝቡም ከየአገሩ ይጎርፋል። እኛን የመሰሉ ወንጌላውያን ደግሞ በጎዳናው ላይ ቆመው ሕዝቡን ያነጋግራሉ። መጋቢያችን ፓስተር ዌንደል እኔን የመረጠኝ የአገሩ ልጅ ስለሆንሁ ነው። ምእመናኑን በልጅነቴ ወደማውቃቸው ቦታዎች እንድወስዳቸውና በየቦታው ስለ ራሴ እንድመሰክር ጠየቀኝ፤ እኔም ተስማማሁ። ትምህርት ቤት ገና በልጅነቴ ትቼ ወደ አባቴ የቱርኪ ዶሮ እርባታ የገባሁ ሰው ነኝ። ደኅና አድርጌ ማንበብ የቻልሁት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ያነበብሁትም የጳውሎስን መልእክቶች ነበር። ከእነርሱ የተነሣ የአባቶቼን ቤተ ክርስቲያን ተውሁ። ስሜም ከመዝገባቸው እንዲፋቅ ጠየቅሁ፤ ተፋቀ።

በመጀመሪያ ወደ ድንጋዩ ጸሎት ቤት ወሰድኋቸው። በዐሥራ ሁለት ዓመቴ የክህነት እጅ የተጫነብኝ፣ የቁርባኑንም እንጀራ በሳሕን ይዤ በየወንበሩ መካከል የዞርሁት በዚያ ነው። ስለዚያ ተናገርሁ። ከዚያም ወደ ቤተ መቅደሱ በር ወጣን። መግባት የሚፈቀድልን አልነበርንምና ከበሩ ውጭ ቆምን። ከሚስቴ ከሜልባ ጋር ለዘላለም የተጋባነው እዚያ ውስጥ እንደ ነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የተውሁ ጊዜ ሜልባም እኔን እንደ ተወችኝ ነገርኋቸው። ልብሱም፣ ሥርዓቱም፣ መሐላውም ሰውን ሊያድን እንደማይችል፣ እኔም ያን ሁሉ በክርስቶስ ስም እንደካድሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ። ከኋላዬ «አሜን» አሉ። የሜልባን መሄድ በተናገርሁበት ቦታ ላይ አሜን መባሉ ደስ አላሰኘኝም።

ቨርል የሚባል፣ አብረን ያደግን ሰው ከልጅ ልጆቹ ጋር በዚያ ያልፍ ነበር። ቆም ብሎ ሰማኝና ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ኤልዶን፣ ያባትህን ቤት ለቱሪስት ማስጎብኘት ጀመርክ? ስንት ታስከፍላለህ?»

«በነጻ ነው» አልሁት።

«እንዲያማ ከሆነ ዋጋውን አውቀኸዋል» ብሎኝ ሄደ።

ከኮረብታው ስንወርድ አፍቶን ከታች ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። አፍቶን የታናሽ ወንድሜ የሩለን ሚስት ናት። ሰላምታ አልሰጠችኝም። ሩለን ዛሬ ወይም ነገ ይሞታል የሚባል ሰው እንደሆነ፣ እኔ መምጣቴንም ሰምቶ እንዳስጠራኝ ነገረችኝ። ከፓስተር ዌንደል ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ሄድሁ።

ሩለን ዕድሜውን ሙሉ በቱርኪ ዶሮ ቤት አቧራ ውስጥ የሠራ ሰው ነበር፤ ሳንባውን የጨረሰው ያ ነው። በመስኮቱ አጠገብ በትራስ ተደግፎ፣ የኦክስጅን ቧንቧ በአፍንጫው ላይ ሆኖ አገኘሁት። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሌሎቹ ወንድሞቻችንም ሁሉ ሞተዋል። ስለ ጉዞዬ ጠየቀኝ፤ በበሩ ላይ ስለ ተናገርሁት ነገር ግን፣ ቀድሞ ሰምቶት እንደ ነበረ ቢታወቀኝም፣ አንዳች አላለም። ትንፋሹን ሲያሳርፍ ቆይቶ የፈለገኝን ነገር ነገረኝ። ሲሞት እንዳለብሰው ነበር የሚለምነኝ።

ይህ በእነርሱ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ቤተ መቅደሱ የገባ ሰው ሲሞት፣ በዚያ በለበሰው ነጭ ልብስ ይቀበራል፤ የሚያለብሱትም እንደ እርሱ የገቡ ሰዎች፣ ከተገኙም የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። አባታችን በሞተ ጊዜ ያለበስነው ሩለንና እኔ ነበርን። ያን ጊዜ ካባውን በማይገባው ትከሻ ላይ አድርገን አስረን ጨርሰን ነበር። ሲመራን የነበረው ሽማግሌ አይቶ እጃችንን እንደ ሕፃን ልጅ እጅ መታ አደረገ፤ ሁሉን አስፈትቶም እንደ ገና አሳሰረን። ሩለን ያን አስታወሰኝ።

«ከዚያ ወዲህ በሕልሜ እንኳ አልሳሳትም» አለ። «እነዚህ የአጥቢያው ሰዎች ግን አያውቁትም። በትንሣኤ ጠዋት ተጣምሜ ብነሣ አባባ መጀመሪያ የሚስቀው በኔ ነው።»

«ሩለን፣ እኔ በዚያ ልብስ አላምንም። ታውቃለህ።»

«እመን አላልኩህም። ያልታወቀ ሰው እጅ እንዳይነካኝ ነው። ያንተን እጅ አውቀዋለሁ።»

እሞክራለሁ አልሁት። «እሞክራለሁ የሚባል መልስ የለም፤ አዎ በል ወይም አይሆንም በል» አለኝ። አዎ አልሁት። እርሱም ዐይኑን ጨፈነ። ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞተ።

ለፓስተር ዌንደል የገባሁትን ቃል ነገርሁት። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ያን ቀንም አልተቆጣም። ምእመናኑ ቁርስ ከሚበሉበት ፈቀቅ አድርጎ ወሰደኝና፣ የወንድም ፍቅር ጥሩ ነገር እንደሆነ፣ ነገር ግን እጅም እንደ አንደበት እንደሚመሰክር አስረዳኝ።

«ወንድም ኤልዶን» አለኝ በመጨረሻ፣ «በበሩ ላይ ቆመህ በአፍህ የካድከውን ዛሬ በእጅህ ልታስረው ነው?»

 

ከእርሱ ዘንድ ወደ አጥቢያው ኤጲስ ቆጶስ ሄድሁ። ኪርት ኦልሰን የሚባል፣ በሥራው የከብት መኖ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው፤ ኤጲስ ቆጶስነት በእነርሱ ዘንድ ደመወዝ የሌለው ተራ ነውና። መመሪያው ስሙ የተፋቀ ሰው ያን ልብስ እንዲያለብስ እንደማይፈቅድ በአክብሮት ነገረኝ። ሩለን እንደ ጠየቀኝ አስረዳሁት።

«እርስዎ ያምኑበታል?» አለኝ።

«አላምንበትም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ጠይቆኛል፤ እኔም አዎ ብዬዋለሁ።»

እጆቹን አጣጠፈ። ከዚያም ሊፈቅድልኝ ሥልጣን እንደሌለው፣ በሐዘንተኛ ወንድም ፊት በር ለመዝጋት ግን ልብ እንዳጣ፣ እርሱ ከውጭ እንደሚቆም ነገረኝ። ከእኔ ጋር፣ ወደ ቤተ መቅደሱ ከገቡት የአጥቢያው ሰዎች አንዱ የሆነውን ደርልን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሩን፣ አስገባ። እንደዚህ ሆኖ ነገሩ ሁሉ በእኔ ላይ ብቻ ወደቀ። ከልክሎኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የአስከሬን ማቆያው ክፍል ብርዳም ነበር። ሩለን በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሰውነቱ ከጠበቅሁት በላይ ቀሎ ነበር፤ የጎድን አጥንቱን አንድ በአንድ በእጄ አወቅሁት። የውስጥ ልብሱን፣ ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ካልሲውን አለበስሁት።  ደርል ሳነሣ ያነሣል፣ ሳሳርፍ ያሳርፋል። ከዚያም ታጥፎ የተቀመጠውን ካባ ዘርግቶ አቀበለኝ።

እጄን ዘረጋሁ፤ ጨርቁንም ነካሁት። የት እንደሚውል፣ የት እንደሚታሰር፣ ሁሉን ዐውቀው ነበር። በዚያች ጊዜ በበሩ ላይ የተናገርሁት የገዛ ድምፄ በጆሮዬ ተሰማኝ። በክርስቶስ ስም የተናገርሁት ቃል ነበር። ያን ካባ ባስረው ያ ቃሌ ውሸት ይሆናል፤ ባላስረው ለሩለን የሰጠሁት ቃል ውሸት ይሆናል። ከሁለቱ አንዱን መዋሸት ነበረብኝ። እጄን ሰበሰብሁ።

«ከዚህ ወዲያ ያለውን አንተ አድርገው» አልሁት ደርልን። «እኔ እይዘዋለሁ።»

ከኋላው ሆኜ በብብቱ ሥር አቀፍሁትና ከጠረጴዛው ቀና አደረግሁት። ራሱ በደረቴ ላይ ወደቀ። ደርል ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከብዙ ዓመት በፊት ነበር ሰው ያለበሰው። ካባውን በአንዱ ትከሻ ላይ አደረገው። ማሰሪያውን ከመሳቡ በፊት ግን ቆም ብሎ አየኝ፤ ተጠራጥሯል።

«ይሄ ነው ወይስ ያኛው?» አለ።

ዝም ብል እንደ ገመተው ያስረው ነበር፤ የሣጥኑም ክዳን ይዘጋ ነበር። በዚያ ጨርቅ አላምንም። ግን የሩለን ፀጉር አገጬን ይነካ ነበር።

«በሌላኛው» አልሁ።

ደርል አዛወረው፤ አሰረውም። 

አፍቶን ከልብሱ የቀረውን ነጭ ቆብ ይዛ ገባች። ባሏን ከራሱ እስከ እግሩ ድረስ ተመለከተችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ነህ ያሰርከው?»

«አይደለሁም። ይዤው ነበር።»

«ያዘኝ ብሎ አልለመነህም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ አላነጋገረችኝም።

ከቀብሩ በኋላ በአጥቢያው አዳራሽ የአሳማ ሥጋ፣ አይብ የተነሰነሰበት ድንችና ጄሎ የሚሉት አረንጓዴ ጣፋጭ ቀረበ። ሴቶቹ ለእኔም ሳሕን ሰጡኝ፤ ከማንም አላሳነሱብኝም። አጠገቤ የተቀመጠው ቨርል ብቻ ነበር። እርሱም ያን ቀን አልቀለደም፤ ሩለን ደግ ሰው ነበር ብሎኝ በላ።

ለፓስተር ዌንደል የሆነውን ሁሉ፣ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርሁት። ካባውን አለማሰሬን ሲሰማ ፊቱ በራ። «በሌላኛው» ማለቴን ስነግረው ግን ፊቱ መልሶ ጠቆረ። በማግስቱ ለምእመናኑ በአደባባይ የሚመሰክር ሌላ ሰው ተመረጠ። ወደ አይዳሆ ስንመለስ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ዛሬም በዚያው ቤተ ክርስቲያን እጸልያለሁ፤ ያመንሁትን አልተውሁም። ምስክርነት ስጥ ያለኝ ግን ከዚያ ወዲህ የለም።

አንድ ነገር ቀርቷል። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ኮቴን ስለብስ እጄ በአንድ እጅጌ ውስጥ እንዳለ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። አባታችንን ስናለብስ የቆምሁት ፊት ለፊቱ ነበር፤ ሩለንን ስይዘው ግን ከኋላው ነበርሁ፤ ከፊት በቀኜ ያየሁት ትከሻ ከኋላ በግራዬ ነው። በልቤ ያየሁት ትከሻ የአባታችን ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ቀኝና ግራ ምን ያህል ባሰላው አይጠራልኝም። ምናልባት ደርል መጀመሪያ ያደረገው ልክ ነበር፤ ያጣመምሁትም እኔ ነኝ። ጌታ ሙታንን ሲያስነሣ ጨርቅ አይመለከትም ብዬ አምናለሁ። ሩለን ግን ይመለከታል፤ የጠየቀኝም ይህንኑ ብቻ ነበር።

የጻፍሁት እንደማስታውሰው ነው፤ አርጅቻለሁም። ስም ወይም ቀን ተሳስቼ እንደሆነ የማንታይ ሰዎች አርሙኝ። ደርልም በሕይወት ካለ፣ ካባውን ከየትኛው ትከሻ ወደ የትኛው እንዳዛወረ ያስታውስ ይሆናል። ተሳስቼ ከነበረም ሳይራራልኝ ይንገረኝ።