የመሪጌታ ወንፊት

በደርግ ጊዜ ነው። «ይህን ገልብጠህ ለሰባት ሰው ካልላክህ ላምህ ትነጥፋለች» የሚል ደብዳቤ አንኮበርን አጥለቀለቃት። የፈራው ይገለብጣል፤ ያልፈራውም ለላሙ ሲል ይገለብጣል። የፖስታ ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ይመኙሻል፣ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ፖስታው ሳይከፈት የመለየቱን ሥራ ለመሪጌታ ወልደአረጋይ ሰጠቻቸው።

መሪጌታ የተማሩት ሁሉ በቃል ነው። የላኪዎቹንም የእጅ ጽሕፈትና የፖስታ ቀለም አንድ በአንድ በቃል ያዙ፤ እንዳይጠፋቸውም ዜማ ሠሩለት። የያዟቸው ላኪዎች ሰባ ሲደርሱ ጭንቅላታቸው እንደ ሞላ ስልቻ ተወጠረ። በጥቅምት ሚካኤል መዝሙር ሲመሩ «ሰማያዊ ፖስታ ዘአረርቲ፣ ጠማማ እጅ ዘመዘዞ» ብለው ለቀቁት። ካህናቱ የባነኑት ሁለት ጊዜ ከተቀበሏቸው በኋላ ነው።

«በኅዳር ሚካኤል ከደገምከው፣ መሪነቱን ለገብረ ሕይወት እሰጠዋለሁ» አሉ የደብሩ አለቃ ዘርአ ዳዊት። መሪነቱን ሲመኝ የኖረው ደብተራ ገብረ ሕይወት ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

የአሊዩ አምባዋ ነጋዴ ዙቤዳ ደብዳቤ ልትወስድ ስትመጣ፣ መሪጌታ ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አገኘቻቸው። ችግራቸውን ነገሯት።

«እኔ ፍየል ስገዛ የዘር ሐረጓን አልጠይቅም» አለች። «ጥርሷን አይቼ አልፋለሁ። የእነዚህስ ጥርሳቸው ምንድን ነው?»

መሪጌታ ፖስታዎቹን አገላበጡ። አንዱም የላኪ ስም የለበትም።

«በይ አላህ ይስጥሽ» አሉ ሳያስቡት።

ከዚያ ወዲያ የላኪ ስም የሌለበት ሁሉ ሳይመረመር ጆንያ ገባ። ሰባውን ለመርሳት አንድ ሳምንት ፈጀባቸው፤ መርሳትን ማንም አላስተማራቸውም ነበር። ለኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ሲወጣ ግን ዜማው እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ወረደ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ለስብሰባ ደብረ ብርሃን የከረሙት አለቃ ዘርአ ዳዊት የደረሱት በመጨረሻው ወረብ ላይ ነው። አቧራቸውን ሳያራግፉ መሪጌታን ጠጋ አሉ።

«እንዳትደግመው ሰግቼ፣ ገብረ ሕይወት ይምራ ብዬ ለሁለታችሁም ጽፌ አልነበረም? ደብዳቤዬ አልደረሰም?»

«ስምዎን ጽፈውበት ነበር፣ አባ?»

«ለምን እጽፋለሁ? የእኔን እጅ የማታውቅ ይመስል።»

«አውቀው ነበር» አሉ መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው። «ረሳሁት።»

አለቃ አሁንም እልል የሚሉትን ሴቶች አዩ፤ ከዚያ ጉሮሮውን የሚጠርገውን ገብረ ሕይወትን አዩ።

«እንኳን ረሳኸው» አሉ።