መጥረቢያውን እንቅበር

«ምን እንቅበር ነው ያለው? መጥረቢያ?» አሉ የሠራተኞቹ ተወካይ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ወዳለው ፈረንጅ ሥራ አስኪያጅ አንገታቸውን አስግገው። «እኛ እኮ ያለን መቀስ ነው!»

አብረዋቸው የመጡት አራት ሸማኔዎች ሳቁ። አስተርጓሚዋም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ተወካዩ አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ ያስተማሯትም በዚሁ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደመወዝ ነው።

«የእንግሊዝኛ አባባል ነው፣ ጋሼ። ድሮ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጠባቸውን ሲያበርዱ መጥረቢያቸውን ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩ ነበር ይባላል። እንታረቅ፣ ቂም አንያዝ ማለቱ ነው።»

«ቀብሮስ ተመልሶ አይቆፍረውም?»

ጥያቄውን ለሥራ አስኪያጁ አስተላለፈች። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «በፍጹም!» አለ። የጠየቁትን አየር ማናፈሻም በአንድ ወር ውስጥ አስተክላለሁ ብሎ ፈረመ። ሠራተኞቹ ሥራ ያቆሙት የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ስለጨረሰው ነበር።

አጎቷ ግን የሚያዩት እሷን እንጂ እሱን አልነበረም። «አንቺ ካልሽ እሺ» ብለው ተነሡ። አሥራ አንድ ቀን ጸጥ ያሉት ማሽኖች ከሰዓት በኋላ መንጫጫት ጀመሩ።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራትና በእንግሊዝኛ የተጻፉ አምስት ደብዳቤዎች ሰጣት። የመጀመሪያው የአጎቷ ነበር። ሠራተኛ በማሳደም ከሥራ ተሰናብተዋል ይላል። ዓይኗ ቀኑ ላይ አረፈ፤ ሰኞ።

«ይሄ የተጻፈው ከመታረቃችን በፊት ነው» አለችው።

«እሱ አንቺን አይመለከትም። ሰዎቹ ውጭ እየጠበቁ ነው፤ ለጊዜው ዕረፍት ውጡ ተብላችኋል በያቸው። አንቺን ያምኑሻል።»

ለካ ማክሰኞ ዕለት ያመኑት የእሱን ፊርማ ሳይሆን የእሷን አፍ ኖሯል! እሱም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

በሩን ከፍታ ወጣች። አምስቱም ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ተከትሏት መጥቶ ከኋላዋ ፈገግ ብሎ ቆመ።

አጎቷ ፊቷን አይተው ደነገጡ። «ምን ይላል፣ ልጄ?»

ወረቀቱን ዘረጋችው።

«መጀመሪያ የተጻፈበትን ቀን ላንብብልዎት፣ ጋሼ» አለች።