ከድንጋዩ ክምር ሥር

ሽማግሌው ጉልበታቸውን በበረሃው ማዕድን ማውጫ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ሳንባቸው አልቆ ሐኪሙ ተስፋ ሲቆርጥ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ እዚያው የማዕድን ሠፈር፣ ከሚስታቸው አጠገብ መቀበር። ልጃቸው የድሮ ካርታዎች በሚቀመጡበት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። «አንቺ እያለሽ መንገድ አይጠፋኝም፣ እናቴ» ይሏት ነበር።

አሮጌውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁሉም አለ፤ የሠራተኞቹ ቤቶች፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ መቃብሩ። ኋላ የታተመውን ከጎኑ አደረገች። ቤቶቹ የሉም። መቃብሩ በነበረበት ሜዳ ላይ የከፍታ መስመሮቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ኮረብታ ሠርተዋል። ከማዕድኑ የተረፈውን ድንጋይ እናቷ ላይ ደፍተውባታል ማለት ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ትራስ ተደግፈው ይጠብቋት ነበር።

«አገኘሽው?»

«አግኝቼዋለሁ። መንገዱ ግን ተበላሽቷል አሉ፣ አባባ።»

«ድሮስ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል? እናትሽ መጀመሪያ የመጣች ዕለት መንገዱን ሙሉ ስታስመልስ ነው የደረሰችው። አስመለሳት እንጂ እሷ አልተመለሰችም።» በራሳቸው ቀልድ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው።

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ግን ውሃ ቀድታ አቀረበችላቸው።

እሳቸው ግን መች የዋዛ ናቸው። ሳልሞት አንዴ ልያት ብለው ነዘነዟት፤ መኪና ተከራይታ ወሰደቻቸው። የደረቀውን ወንዝ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከማዶ ግን ግራጫ የድንጋይ ተራራ ተገትሯል።

«ይሄ አልነበረም» አሉ።

«አልነበረም።»

«እሷስ?»

ልጅቷ ወደ ክምሩ ሥር አመለከተች።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት በተሻላት። እየተንገዳገዱ ከመኪናው ወርደው ወንዙን ተሻገሩና ከክምሩ ሥር ተንበርክከው አንድ ድንጋይ አንሥተው ወደ ኋላ ወረወሩ። ሌላም አነሡ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ይተዉት፣ በእናትዎ።»

«ከብዷታል እኮ» አሉ፣ ድንጋዩን ሳይለቁ።

ከዚያ ወዲያ ስለ መቃብር ሲነሣ «የትም ጣሉኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ብዙም አልቆዩም። በከተማው ዳር፣ ከማያውቋቸው ሰዎች መሀል ቀበረቻቸው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት «አይዞሽ፣ ዛሬ ከባለቤታቸው ጋር ተገናኝተዋል» ሲሏት በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ማመኑ ግን ከየት ይምጣ።