የሞጆዋ ሴት አንገት

ዶቃ ሻጩ ወዬሳ የትርፍራፊ ማስቀመጫ ቀንዱን ገልብጦ ቂጡን በመዳፉ ሲመታው አንዲት ነጭ ዶቃ ብቻ ጠብ አለችና ቁርበቱ ላይ ተንከባለለች። ከዚያ ወዲያ ቀንዱ የሰጠው ትንሽ አቧራ ነበር። ዶቃዋን በሁለት ጣቱ አንስቶ በሰም በታሸው ክር ላይ ሰካትና ሥራውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ፣ ጠርዟ የተሸረፈ አንዲት ቢጫ፣ ሦስት አረንጓዴ፣ መጠናቸው የማይገጥም ሁለት ጥቁሮች። ተራ የሚባል ነገር አልነበረውም። የአሥራ አንድ ዓመት ትርፍራፊ ነው፤ ለየሙሽራዋና ለየአራሷ ሲሰካ ከየአንገቱ የተረፈውን ሁለት ሦስት ፍሬ እዚያ ቀንድ ውስጥ ሲጥል ኖሯል።

ባቡሩ ቢመጣ ኖሮ ቀይ በቀይ ያደርገው ነበር። ግን የአዋሽ ውሃ ሐዲዱን ከጠረገው ወር ሊሞላው ነው፤ ከጅቡቲ አንዲት ፍሬ ዶቃ አዳማ አልደረሰችም። መጠበቅ ደግሞ አይቻልም። ከቁርበቱ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ አህያ ነጂው ኑሬ የአማረችን ጓዝ እየጫነ ነው።

አማረች ጨው ሻጭ ናት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት፣ ከወዬሳ ጎን ተቀምጣ መሸጥ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። አቦምሳ ያለው ወንድሟ «ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ፣ ነይ እኔ ዘንድ» እያለ ስድስት ወር ሙሉ ሲልክባት እሺም እምቢም ሳትል ቆይታ፣ በድንገት እሺ አለች። ዛሬ ከሄደች ተመልሳ አትመጣም።

ጥፋቱ የወዬሳ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። በዚያ ገበያ ወንድ በሴት አንገት ላይ የልክ ክር ካዞረ ወይ ሊሸጥላት ነው፣ ወይ ለትዳር ሊጠይቃት ነው፤ ሦስተኛ ነገር የለም። አማረች ዶቃ አላዘዘችም። ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ክሩን ይዞ አጠገቧ ሊጠይቃት ሲቆም ቆዳ ሻጩ ራህመቶ ከቆዳው ክምር ላይ ሆኖ ዓይኑን አፍጥጦበት ነበር። ያኔ ምላሱ በለመደው መንገድ ሄደ።

«ሞጆ አንዲት ደንበኛ አለችኝ። አንገቷ ቁርጥ ያንቺን ነው። ማሎ አማረች፣ አንገትሽን አውሺኝ።»

አዋሰችው። ክሩ ሲዞርባት ቀስ ብላ ጠየቀች። «ቆንጆ ናት?»

«ቆንጆ ብቻ! እሷ ስታልፍ የሞጆ ውሾች መጮህ ይረሳሉ።»

እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ግን ወዬሳ ቆሞ አያውቅም። የአዳማ ነፋስ ባቡሩን እስከ ወለንጪቲ ወደ ኋላ ገፍቶት የጣቢያው ፈረንጅ ባርኔጣውን እያሳደደ አብሮ ሄደ ብሎ ያወራ ሰው ነው። ቀይ ዶቃ ሲሸጥ ጉማሬ ሲያዛጋ ከጥርሱ መሀል የለቀመው ነው ይላል፤ ሰማያዊውን የዓሣ ዓይን ያደርገዋል። ለሞጆዋ ሴትም ሁለት በቅሎ ጨመረላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰው። በማግስቱ አማረች ለወንድሟ እሺ ብላ ላከች።

ክሩን በሁለት እጁ እንደያዘ ተነሳ።

«አማረች።»

«እ።» ጠፍሩን ከኑሬ ጋር እየጎተተች ስለነበር ዞራ አላየችውም።

«ይኸ… ላንቺ ነው።»

አሁን ዞረች። «የሞጆዋስ?»

«የሞጆ ሴት የለችም።»

«ሞተች?» አለ ራህመቶ ከቆዳው ክምር ላይ። «ውይ በሞትኩት! ሁለቱን በቅሎ ማን ወረሰ?»

«ኖራም አታውቅም። ልክሽን ፈልጌ ነው የዋሸሁት።»

«እና አሁን እውነት እየተናገርክ ነው?» አለች አማረች።

«አሁን እውነት ነው። እዪው፣ ልክሽ ነው።»

«ልኬ መሆኑማ ምን ይገርማል? የለካኸው እኔን። የሷም አንገት ቁርጥ የኔን ነው ብለኸኛል።»

ወዬሳ በእጁ የሠራው ውሸት ይህን ያህል ጠንካራ ግንብ ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ መውጫ በር እንኳ አላበጀለትም።

አማረች ክሩን ተቀበለችውና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ገፋቻቸው። «ይህች ቀይ ከየት ናት?»

ሰው ተሰበሰበ። ወዬሳ ስለ ዶቃ ሲጠየቅ ምን እንደሚከተል ገበያው ያውቃል፤ አንዲት ቅቤ ሻጭ እንዲያውም ዕቃዋን ጥላ መጣች። ወዬሳ ጉማሬው በጉሮሮው ሽቅብ ሲመጣ ተሰማው። መልሶ ዋጠው።

«ዶቃ ነጋዴው አብዱልመናን ሱቁን ሲያስጠርግ ከመጥረጊያው ሥር ያነሳኋት ናት።»

«ይህችስ ሰማያዊ?»

«ከአንዲት የወለንጪቲ ሙሽራ የተረፈች። አንገቷ አጭር ነበር።»

«ጥቁሮቹ?»

«አላስታውስም።»

«አላስታውስም?»

«አላስታውስም። ትርፍራፊ ነው አማረች፤ ሁሉም ትርፍራፊ ነው። ሌላ የለኝም፤ ቀንዱን ጨርሼዋለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ራህመቶ ከክምሩ ወርዶ ቀረበና የወዬሳን ፊት አተኩሮ አየ። «ይህ ሰው ታሟል» አለ፤ ቀልዱን አልነበረም። «ውሃ ስጡት።» ቅቤ ሻጯ ከንፈሯን መጥጣ ተመለሰች። የቀረውም ሰው የተነፈገው ነገር እንዳለ ሁሉ እያጉረመረመ ተበተነ።

አማረች ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ዶቃ ተጠይቆ «አላስታውስም» ሲል ሰምታ አታውቅም። ጣቷ የተሸረፈችው ቢጫ ላይ ቆመ።

«ይህችን ወደ ኋላ፣ ቋጠሮው ጋ ልትደብቃት ትችል ነበር።»

«አስቤ ነበር።»

«እና?»

«ተውኩት።»

ክሩን መለሰችለት። ወዬሳ ተቀበለ፤ የቀረው ወደ ቁርበቱ መመለስ ብቻ መሰለው፤ እግሩም ጀመረ። አማረች ግን ጀርባዋን ሰጠችውና የሻሿን ጫፍ ከአንገቷ ላይ ወደ ላይ ሰበሰበች።

«እሰርልኛ» አለች።

ስንት መቶ አንገት ላይ ሳያይ የቋጠረ ጣት አሁን ሁለት ጫፍ ክር ማገናኘት አቃተው። ሰሙ ያንሸራትተዋል። አንዴ ቋጠረ፤ ተፈታ። እንደገና ጀመረ።

ኑሬ አንዱን የጨው ስልቻ አህያዋ ላይ አድርጎ ሁለተኛውን በትከሻው እንደተሸከመ ቆሟል፤ አህያዋ በአንድ ጎኗ ዘማለች። «እትዬ፣ ልጫን ወይስ ላውርድ?»

ደገመው። «እትዬ አማረች፣ ፀሐዩ እየበረታ ነው። ልጫን ወይስ ላውርድ?»

«ቆይ» አለች አማረች፣ አንገቷን ሳታነቃንቅ።

ኑሬ ስልቻውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ወዬሳ ክሩን አልለቀቀም።