ያልጠናው ጉበን

ወልደ ሰንበት መሰላሉ ላይ ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በር ጉበን በምስማር ጫረው። አርማታው ተፈረፈረ። በዝግታ ወረደ።

የከተራ ጧት ነው፤ የደጋው የጎረቤላ ሣር ውርጭ እንደ ለበሰ ነው። ታቦቱ ከቀትር በኋላ በዚሁ በር ይወጣል። ድፍን ሳምንት ጉበኑን የተሸከሙት የባሕር ዛፍ ድጋፎች ግን መተላለፊያውን ሞልተውታል።

"ድጋፉ ይነሣ?" አሉ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ኪዳነ ማርያም።

"አይነሣም፣ አባ። ቢነሣ ይወርዳል።"

"ይደርሳል ብለኸን አልነበር?"

"ብዬ ነበር። ከሲሚንቶው ጋር የደባለቅሁት መድኃኒት መጥናቱን የሚያዘገይ ነው። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ሳናዳርስ ስለሚያደርቅብን እንጨምረው ነበር። እዚህ ግን ብርዱ ራሱ ያዘገያል፤ ሁለቱ ተደራረቡ።"

"እያወቅህ?"

"ኋላ ጥንካሬ ይሰጣል ሲሉ ሰምቼ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ነው ብዬም ከልኩ አበዛሁት።"

አሸዋ ስታቀብል የሰነበተችው ጥሩዬ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"ለጽድቅ ቢያዝሏት ተንጠልጥላ ቀረች ማለት ይኼ ነው፣ ጋሼ ወልዴ።"

የሰበካው ሽማግሌ አቶ ጋሻው ግን አልሳቁም።

"ታቦት ከነጃንጥላው በእንጨት መካከል ሊሽሎኮሎክ ነው? የመካከሉን ብቻ አንሣው። ባለቤቱ ይይዘዋል። እምነት የለህም?"

"እምነትስ አለኝ፣ አያ ጋሻው። ያላመንሁት ሲሚንቶውን ነው።"

"እንግዲያው ታቦት ያስቀረ ግንበኛ ተብለህ ትኖራለህ።"

ወልደ ሰንበት ነገሩ እውነት መሆኑን ያውቃል፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ስም ከልጅ ወደ ልጅ ይወረሳል። ድጋፉን ማንሣት ቀላል ነበር፤ ምናልባትም ጉበኑ እስከ ማታ ይቆም ይሆናል። በሥሩ የሚያልፉት ግን ታቦት ያከበሩ ካህናትና ከፊታቸው የሚያሸበሽቡ ሕፃናት ናቸው። ወገቡን ይዞ ከበሩ በስተግራ ወዳለው የድንጋይ አጥር ሄደና የሚፈርስበትን ስፋት በእጁ ለካ። ክረምቱን ሙሉ በነጻ የካበው እሱ ነበር፤ ደብሩ ውስጥ ያለ ነቀፋ የሚመሰገንበት ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

"ታቦት በፍራሽ አጥር አይወጣም" አሉ አቶ ጋሻው ከኋላው።

"ጠርገን ምንጣፍ እናነጥፍበታለን" አሉ ቄስ ኪዳነ ማርያም፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ።

ወልደ ሰንበት ከላይ ያለውን ድንጋይ ከቦታው ነቅንቆ አነሣና ለጥሩዬ ዘረጋላት።

"ተቀበዪኝ" አላት።