የቁጥር ሁለት ሕመም

ባሌ ጫላ የቀበሌ ስብሰባ ረግጦ ወጥቷል ተብሎ የተመዘገበበት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ ስለነበር እንዴት እንደወጣ በትክክል መናገር እችላለሁ። በመጀመሪያው የአዳራሹ በር ሲንቋቋ ሰማና "ዘይት ላምጣለት" ብሎ ወጣ፤ ዘይቱን ይዞ የመጣው በማግሥቱ ነው። በሁለተኛው ውሃ ሊጠጣ ወጣ፤ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ አገኘውና ፈታታው፤ ሰፈሩ እስከ ማታ ውሃ አጣ። በሦስተኛው ለምን እንደወጣ እሱም አያውቅም። ተነሣ፣ ወጣ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወንጂ ተገኘ።

ጫላ የመስኖ ፓምፕ መካኒክ ነው። ፓምፕ ፊት ካስቀመጡት ምሳውን ረስቶ ይውላል። ችግሩ ፓምፕ የሌለበት ቦታ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ ስወጣ ቤት ውስጥ ተጀምረው የቀሩትን ነገሮች ቆጠርኩ። ውሃው አልቆ የሚጨስ በራድ፣ አንድ እግሩ ብቻ የተቦረሸ ጫማ፣ አልጋችን ላይ የተበተነ የጎረቤት ራዲዮ፣ ግማሽ ፊቱን የተላጨ ባል።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። ናዝሬት ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ የእሑድ ስብሰባ ረግጦ መውጣት እንደ ቀልድ አይታይም ነበር። ሊቀመንበራችን ጓድ ሰብስቤ ከሦስተኛው በኋላ ጫላን ሕዝቡ ፊት አቆመው።

"ጓድ ጫላ፣ አብዮቱ ያንገሸግሽሃል?"

"ኧረ በጭራሽ፣ ጓድ ሊቀመንበር። መቀመጡ ነው።"

"መቀመጡ ምን ሆነ?"

ጫላ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሎ ቀረ። "ያ ቆርቆሮ ሚስማሩ ለቋል" አለ።

ጓድ ሰብስቤ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ፖስታ አወጣ። ለጫላ መሥሪያ ቤት የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። "ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት ያምጣ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣ ይላካል" አለ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ምን እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤታችን ገርባ ስብሰባ ላይ በማንኮራፋቱ ተጽፎበት ጎዴ ከተዛወረ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሱ እዚያ፣ ሚስቱ እዚህ። እኔ የምሠራው መልካሳ፣ እርሻ ምርምር ጣቢያው ውስጥ፣ ቦሎቄ ክፍል ነው። ጎዴ ውስጥ የቦሎቄ ክፍል የለም። ጫላን ያለ እኔ ጎዴ ውስጥ ሳስበው ደግሞ የሚታየኝ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ በረሃ ለበረሃ ሲሄድ ነበር።

መጀመሪያ በአቅራቢያችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ሙቀቱን ለካ፣ ምላሱን አየ፣ "ጤነኛ" ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት። ነገሩ ባሰ፤ አሁን ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አለው። ወረቀቱን ደበቅኩት።

"የሺዬ፣ ደብረ ዘይት ውሰጂው" አለችኝ ጎረቤቴ በድሪያ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እየመጣ እህቱ ቤት በግሉ የሚያይ የአእምሮ ሐኪም አለ።"

"ጫላ እኮ እብድ አይደለም።"

"እብድ ነው አልወጣኝም። ግን ራዲዮኔን ሊሠራ ወስዶ የመለሰልኝ የሌላ ሰው ራዲዮ ነው።"

"ታዲያ ምን አልሽው?"

"ምን እለዋለሁ? የእኔ አይሠራም ነበር፤ ይሄኛው ይሠራል።"

ዶክተር መሐመድዘይን ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጫላን ስለ ልጅነቱ ጠየቀው፤ ስንት ደብተር እንደጠፋበት፣ ስንት ጊዜ ከክፍል እንደተባረረ። ጫላ እስከ አራተኛው ጥያቄ ድረስ በደንብ መለሰ። አምስተኛውን ጠይቆ ሐኪሙ ከማስታወሻው ቀና ሲል ወንበሩ ባዶ ነው።

"የት ሄዱ?"

"እዚህ ነኝ" አለ ጫላ ከጠረጴዛው ሥር። "ይሄኛው እግሩ አጥሮ ነው የሚወዛወዘው። ካርቶን ቢጤ የለም?"

ሐኪሙ ካርቶን አቀበለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ነገሩ በልጆች ላይ የታወቀ መሆኑን፣ በፈረንጅ አገር የትኩረት ጉድለት እንደሚሉት፣ አዋቂም ላይ ሊቀር ይችላል ብለው መጻፍ የጀመሩ መኖራቸውን ነገረኝ።

"ግን ሰው ጠረጴዛ ሥር ስለገባ ብቻ ማኅተም አልመታም" አለ። "በተቸገረበት ቦታ፣ በሰዓት እየለካ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። ከእሱም ጋር አንድ ጤነኛ እኩያውን። ያለ ማነፃፀሪያ ምንም ማለት አይቻልም። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ከየት እንደሚገኝ አላውቅም።"

"እኔ የምተዳደረው የቦሎቄ አበባ በመቁጠር ነው" አልኩት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጫላ ሞጆ እስክንደርስ ከመቀመጫው አልተነሣም። ለእሱ ይህ ረጅም ነው።

"ስም አለው ማለት ነው?"

"አለው ይላል።"

"እኔ እኮ ስንፍና ይመስለኝ ነበር" አለ። ከዚያ ራሱን ዳበሰ። "ባርኔጣዬስ?"

ባርኔጣው ጠረጴዛው ሥር ቀርቷል።

ቅጹን ያዘጋጀሁት ጣቢያችን በሚጠቀምበት ዓይነት ነው። በየሁለት ደቂቃው አንድ ምልከታ፤ ተነሣ፣ ተቁነጠነጠ፣ የሰው ንግግር አቋረጠ፣ ዕቃ ፈለገ። በእኛ ደንብ ዝርያ የሚመዝን ሰው የዝርያውን ስም ማወቅ የለበትም፤ ስም ካየ ልቡ ያዳላል። ስለዚህ ማሳው ላይ የሚተከለው ቁጥር ብቻ ነው። ጫላን ቁጥር አንድ አልኩት። ቁጥር ሁለት፣ ማነፃፀሪያው፣ የጫላ እኩያ፣ ስብሰባው ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገኝ፣ ከተቀመጥኩበት ሳልዞር የማየው፣ ሁሉም ሰው ደህና ነው የሚለው መሆን ነበረበት። አዳራሹን ረድፍ በረድፍ ቃኘሁ። አራቱንም የሚያሟላ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ጓድ ሰብስቤ ነው።

ሦስት እሑድ መዘገብኩ። በሦስተኛው፣ ጫላ ለአራተኛ ጊዜ እንዳይወጣ ፈርቼ ቀበቶውን ከአግዳሚው ጋር በሲባጎ አሰርኩት። በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ከነአግዳሚው ተነሣ። በድሪያ ጫፉ ላይ ስለነበረች ወደቀች።

"የሺ፣ ምነው ባልሽን እንደ በሬ ጠመድሽው?"

"ዝም በይ፣ እየመዘገብኩ ነው።"

ማሰሬ የተፈጥሮ ጠባዩን ስለሚያዛባ ይህንኑ በቅጹ ኅዳግ ላይ ጻፍኩ።

ዶክተር መሐመድዘይን የመጀመሪያውን ቅጽ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። "ቁጥር አንድ ግልጽ ነው፤ አለበት።" ሁለተኛውን ገለጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"ይህ ማነፃፀሪያው ነው?"

"አዎ።"

"በአንድ ስብሰባ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተነሣ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"'እጁ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ማን ወሰደው ብሎ ጠየቀ፤ አራት ጊዜ'?"

"አምስተኛውን አልቆጠርኩትም። ያኔ እስክሪብቶው እውነትም ወድቆ ነበር።"

"ወይዘሮ የሺዓለም፣ እኔ ጤነኛ ሰው ነበር ያልኩት።"

"ሁሉም ሰው ደህና ነው የሚለውን ነው የመረጥኩት።"

"ሥራ አለው?"

"ስብሰባ ይመራል።"

ሐኪሙ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ምስኪን" አለ።

ከዚያ የጫላን ወረቀት ጻፈ። ሕመሙ እንዳለበት፣ በር አጠገብ እንዲቀመጥ፣ ስብሰባ ላይ እጁ የሚነካካው ነገር እንዲሰጠው። ቅጾቹን ከሥሩ አያይዞ ማኅተሙን በሁሉም ገጾች ዳር ላይ አሳረፈ። አንዱን ገጽ ብነጥል ማኅተሙ ይጎድላል። "ቁጥር ሁለትንም አምጡልኝ" ብሎ ሸኘን።

በወሩ የመጨረሻ እሑድ ወረቀቱን አስረከብኩ። የጸለይኩት ከመጀመሪያው ገጽ እንዳያልፍ ነበር። ጓድ ሰብስቤ ቆሞ አነበበ፤ ተቀመጠ፤ ተነሣ።

"'ከእኩያው ጋር ተነፃፅሮ' ይላል። ጥሩ። ሳይንስ ማለት ማነፃፀር ነው። ከማን ጋር ነው የተነፃፀረው?"

"ከቁጥር ሁለት ጋር፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ቁጥር ሁለት ማነው?"

"ስሙ አይገለጽም። ደንብ ነው።"

"ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ነገር የለም!" አለና ቅጹን ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። "'ቁጥር ሁለት። ሌላ ሰው ሲናገር አቋረጠ፤ አሥራ አንድ ጊዜ።' ይታያችኋል? ዲሲፕሊን የሚባል የለውም!"

ከኋላ ኦቦ ኡርጌሳ የሚባሉ አዛውንት "እኔ እንኳ ጓድ ሊቀመንበር..." ብለው ጀመሩ።

"ቆዩ ኦቦ ኡርጌሳ፣ እያነበብኩ ነው። 'አጀንዳ ሁለትን ሳይጨርስ አጀንዳ አራትን ጀመረ። ብድግ ብሎ መስኮት ከፈተ፤ ተቀመጠ፤ ብድግ ብሎ ያንኑ መስኮት ዘጋ።'" እዚህ ላይ ሙቀቱ ተሰማው መሰለኝ፣ እያነበበ ሄዶ መስኮቱን ከፈተ።

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ወንዶቹ ያስላቸው ጀመር። በድሪያ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ትንቀጠቀጣለች።

"ምን ያስቃል?" አለ ጓድ ሰብስቤ። "ይህ አሳዛኝ ነው! ይህ ሰው በዚህች ሰዓት መሃላችን ተቀምጧል። ይሄ ከሥሩ መሰመር አለበት። እስክሪብቶዬን ማን ወሰደው?"

"እጅዎ ላይ ነው፣ ጓድ" አለ ጫላ፣ በቅንነት።

ሳሉ ቆመ። ጓድ ሰብስቤ እስክሪብቶውን አየ። ቅጹን አየ። የእኔን ዓይን ፈለገ። እኔ አቀርቅሬ ጫማዬን ቆጠርኩ፤ ሁለት ነው። ከዚያ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ "ጉዳዩ ማጣራት ያስፈልገዋል። እስኪጣራ ድረስ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ይቆያል" አለ። ስብሰባውን በአርባ ደቂቃ ዘጋ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ቀበሌ ታይቶ አይታወቅም።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ጓድ ሰብስቤ ኮቱን ለብሶ ቆሟል።

"አካም ቡልተን፣ እንደምን አደራችሁ። ሐኪሙን ራሴ አነጋግሬ ላጣራ ነው። ጓድ ጫላ መንገድ ያሳየኝ።"

"እኔም ልምጣ?"

"አያስፈልግም።" ጫላ ሁለተኛውን ጫማ አልጋ ሥር ሲፈልግ ጠጋ አለኝ። "ስለ ቁጥር ሁለት... ሐኪሙ ምን አለ?"

"'ምስኪን' አለ።"

"ሌላስ?"

"አምጡልኝ አለ።"

ወደ መንገዱ አየ። "እናቴ 'እንዝርት' ትለኝ ነበር" አለ በቀስታ።

ሁለት ሰዓት ላይ ወጡ። ደብረ ዘይት የአንድ ሰዓት መንገድ ስለሆነ ለምሳ ጠበቅኳቸው። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሆነ። ዘጠኝ ሲሆን ሐኪሙ ሁለቱንም ያስቀራቸው መሰለኝ። አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል እስከ ክርናቸው ግራሶ ተቀብተው አንድ ጆንያ ቲማቲም ተጋግዘው መጡ።

"ሐኪሙ ምን አለ?"

ተያዩ።

"ሞጆ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን" አለ ጫላ። "አንድ የጭነት መኪና ፓምፕ ጭኖ ቆሟል..."

"ያየሁት እኔ ነኝ" አለ ጓድ ሰብስቤ። "መቂ የሚሄድ ነው። የገበሬዎቹ ችግኝ ሊደርቅ ነው፣ ፓምፑን የሚያስነሣ ሰው ጠፍቷል፤ አብረን ሄድን። ስድስት ሰዓት ሙሉ ወይዘሮ የሺዓለም! ስድስት ሰዓት ሙሉ ቁልፍ እያቀበልኩ ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አላልኩም! እሱን ይጠይቁት!"

"እውነታቸውን ነው" አለ ጫላ። "ጥሩ እጅ አላቸው።"

"ደብዳቤውስ?" አልኩ።

"የቱ ደብዳቤ?"

"የመሥሪያ ቤቱ። ኪስዎ ውስጥ ያለው።"

ጓድ ሰብስቤ የኮቱን ኪሶች ዳበሰ። የሱሪውን ዳበሰ። መጀመሪያ የገባው ለጫላ ነው።

"ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ነበር" አለ። "በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባው፣ ውሃ እንዳያልፍ። ወፍራም ወረቀት ስጡኝ ስል ጓድ አቀበሉኝ። ሳላየው በመቀስ ቆረጥኩት።"

"እኔም ሳላየው ነው የሰጠሁት" አለ ጓድ ሰብስቤ።

"ፖስታውን ብቻ?"

"ሳሳብኝ" አለ ጫላ። "ሁለት ድርብ አደረግኩት። ከነደብዳቤው።"

"ኮፒ አለዋ?" አልኩ፤ መጠየቅ ስላለብኝ።

"ኮፒውን ለጸሐፊዋ ልሰጣት ነበር" አለ ጓድ ሰብስቤ። ግንባሩን በግራሶ እጁ አሸው። "እዚያው ፖስታ ውስጥ ነበር።"

ጆንያውን ተቀብዬ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩት።

"ያንጠባጥባል?" አልኩ።

"ጠብ አይልም!" አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

"ታዲያ... ሌላ ይጽፋሉ?"

ጓድ ሰብስቤ ኮቱን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እሑድ እሑድ እንደሚቆመው።

"በሥራ ላይ ያለ ሰነድ እያለ" አለ፣ "ሌላ ሰነድ አይጻፍም።"